የጋራ ፋይሎቻችን ስለ ምን ይዘገያሉ?

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ የበልጉ ዝናም በጀመረበት ሰሞን፣ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቻችን በአንዱ የምርጥ ዘር ዕደላ ይካሄድ ነበር። የተጠቃሚዎቹ ስም ዝርዝር ከቀበሌ ጋር በድጋሚ ተጣርቶ፣ በመጀመሪያው ዝርዝር ተዘልለው የነበሩ 31 ቤተሰቦች ተጨምረው፣ የታረመው ሰነድ በሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ዝርዝሩን አትሞ ወደ መስክ እንዲወጣ የታዘዘው ባለሙያ ፎልደሩን ሊከፍት ሲል ግን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ደርቆ ቀረ። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ በር ላይ ይጠብቃል። ባለሙያውም በፍላሹ የያዘውን ግልባጭ አትሞ ሄደ፤ ግልባጩ የተቀዳው ከእርማቱ በፊት ነበር። በማግሥቱ 31ዱ ቤተሰቦች ከዕደላው ቦታ «ስማችሁ የለም» ተብለው ተመለሱ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በእናቶች የሚተዳደሩ ነበሩ። ዘሩ የደረሳቸው ሁለተኛ ጉዞ ተዘጋጅቶ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ጥፋቱን በባለሙያው ላይ መጣል ቀላል ነበር፤ በመጀመሪያም እንዲሁ ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን ለማጣራት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስንሄድ ያገኘነው አንድ ቸልተኛ ሠራተኛ ሳይሆን የጋራ ፎልደሩን መጠበቅ የሰለቻቸው 14 ሠራተኞችን ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል የየራሱን ግልባጭ በፍላሽ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ይይዛል። አንዱን የበጀት ሠንጠረዥ በአምስት ኮምፒውተሮች ላይ አምስት ዓይነት ሆኖ አገኘነው። የጋራ ፋይል መዘግየት የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳነው በዚህ ጊዜ ነው። ፎልደሩ ሲዘገይ ሰው ግልባጭ ይይዛል፤ ግልባጭ ሲበዛ ደግሞ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል።

በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ የአዲስ ሰርቨር ግዢ ጥያቄ ተዘጋጅቶ ፊርማ ይጠብቅ ነበር። አንድ ሳምንት እንዲያቆዩልን ለመንን። በዚያ ሳምንት የተማርነውን፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባቸው የቅርንጫፍና የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቶች ይጠቅም ዘንድ፣ እነሆ እናቀርባለን። የኮምፒውተር ባለሙያ ያልሆነ ሰውም እንዲከተለው አድርገን ለመጻፍ ሞክረናል፤ እኛም ራሳችን በሥራ የለመድነው እንጂ በትምህርት ቤት የተማርነው አይደለምና።

መፈለግ እና ማጓጓዝ

ሠራተኞቹን ችግሩ ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ሁሉም የመለሱልን በአንድ ቃል ነበር፤ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» የሚል። ይህ አባባል ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጨፈልቃል። አንድ ፋይል ከሰርቨር ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው መፈለግ ነው፤ ኮምፒውተራችን ሰርቨሩ የት እንዳለ ይጠይቃል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ማንነቱን ያስታውቃል፣ የፎልደሩን ዝርዝር ይቀበላል። ሁለተኛው ማጓጓዝ ነው፤ ፋይሉ ራሱ በኬብሉ ላይ ይመጣል። አዲስ ሰርቨርም ሆነ አዲስ ኬብል በአብዛኛው የሚረዳው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። 500 ሜጋባይት የሚያህል አንድ ትልቅ ፋይል ከጋራ ፎልደሩ ወደ ራሳችን ኮምፒውተር እንቀዳለን። ግንኙነቱ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሆነ ቅጂው 45 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ 1000 ሜጋቢት ከሆነና የሰርቨሩ ዲስክ ከቻለ ደግሞ ከ10 ሰከንድ በታች ያልቃል። (ሜጋቢትና ሜጋባይት ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው።) እኛ ስንሞክረው 8 ሰከንድ ፈጀ፤ እንግዲህ መንገዱ ደኅና ነው ማለት ነው። ይሁንና ያንኑ ፎልደር ለመክፈት ብቻ ከ10 ሰከንድ በላይ እንጠብቅ ነበር።

ሌላም ምልክት አስተዋልን። ቆይታው በየጊዜው እኩል ነበር። የተበላሸ መንገድ አንድ ጊዜ ያዘገያል፣ አንድ ጊዜ ያሳልፋል። ሁልጊዜ ያው የሆነ ቆይታ ግን ኮምፒውተሩ መልስ የማይመጣበትን ጥያቄ ጠይቆ፣ የተወሰነለት የመጠበቂያ ጊዜ እስኪያልቅ ዝም ብሎ መቀመጡን ያመለክታል።

ወደ ፍተሻው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። መዘግየቱ በድንገት የጀመረ፣ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ የሚታይና በራሱ በሰርቨሩ ላይ ተቀምጠን ስንከፍትም የማይቀር ከሆነ፣ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ እየሞተ ሊሆን ይችላል። የታመመ ዲስክ ሊነበብ ያልቻለውን ቦታ ደጋግሞ ስለሚሞክር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ምልክት መዘግየት ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ምንም ሳይነኩ አስቀድሞ ሙሉውን ሰነድ በውጪ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። ግልባጭን ከላይ ነቅፈን እዚህ ማዘዛችን እንዳያስገርም፤ በአንድ ኃላፊ እጅ፣ ቀኑ ተጽፎበት የሚቀመጥ መጠባበቂያ እና በየሰው ኪስ የሚዞር ፍላሽ አንድ አይደሉም።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ማስታወሻ

መንገዱ ደኅና፣ ዲስኩም ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ አንድ ቀን ተኩል ያለ ውጤት ደከምን። ጠዋት ፎልደሩ በቅጽበት ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። በዚህ መካከል የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ መጥተው፣ «ዲያቆን፣ ይህ ነገር እኮ የሚብሰው ኢንተርኔቱ የጠፋ ዕለት ነው» አሉን።

እውነቱን ለመናገር በልባችን አላመንናቸውም። ሰርቨሩ ያለው ከእሳቸው ክፍል ቀጥሎ ነው፤ ኬብሉ ከጠረጴዛቸው ተነሥቶ፣ በኮሪደሩ ስዊች አልፎ፣ ሰርቨሩ ላይ ያርፋል። ከግቢው የማይወጣ ጥያቄ በኢንተርኔት መጥፋት ስለ ምን ይጎዳል? እሳቸው ግን የደብዳቤ መቀበያ መዝገባቸውን አውጥተው አሳዩን። በኅዳጉ ላይ «ፋይል አልከፈት አለ» ብለው የጻፉባቸው ቀናት፣ ኢሜይል መላክ ስላልተቻለ ደብዳቤ በሰው እጅ ከተላከባቸው ቀናት ጋር አንድ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተን «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠን። ከሚመጣው ረጅም ዝርዝር ውስጥ የምንፈልገው «ዲኤንኤስ ሰርቨርስ» የሚለውን መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ የነበረው የኢንተርኔት አቅራቢው አድራሻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ሲሆን፣ እኛ የምንጽፈው ግን ስም ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው። የሚጠየቀው ዲኤንኤስ በውጪ ያለ ከሆነ በግቢያችን ያለውን ሰርቨር አያውቀውም። ይህም በአንድ ግቢ ውስጥ ጎረቤቱን የሚፈልግ እንግዳ አስቀድሞ ወደ ሩቅ ከተማ ስልክ ደውሎ የጎረቤቱን ቤት እንደ መጠየቅ ያለ ነው። ስልኩ ሲሠራ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው «አላውቀውም» ብሎ ቶሎ ይመልሳል፤ እንግዳውም በግቢው መካከል ቆሞ በስም ይጣራል፣ ጎረቤቱም «አቤት» ይላል። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ስሕተቱ አይታወቅም። ስልኩ የተቋረጠ ዕለት ግን እንግዳው ደጋግሞ ይደውላል፤ ዊንዶውስ ጥያቄውን እየደጋገመ ይልክና 10 ሰከንድ ያህል ከጠበቀ በኋላ ነው ተስፋ ቆርጦ በግቢው የሚጣራው። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ያዩት ትክክል ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ፈተና አጭር ነው። ፎልደሩን በሰርቨሩ ስም ከመክፈት ይልቅ በቁጥር አድራሻው እንከፍተዋለን፤ በፋይል መስኮቱ የአድራሻ ሳጥን ላይ ወደ ኋላ ያዘነበሉትን ሁለት ሰረዞች ጽፈን፣ ለምሳሌ 192.168.1.10 የሚለውን የሰርቨሩን ቁጥር እናስከትላለን። በቁጥር ወዲያው ተከፍቶ በስም የሚዘገይ ከሆነ ሕመሙ የስም ነው። በሁለቱም የሚዘገይ ከሆነ ሌላ ቦታ እንፈልግ።

መድኃኒቱ እንደ ጽሕፈት ቤቱ አደረጃጀት ይለያያል። ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ማእከላዊ የተጠቃሚ ስም የሚገቡበት፣ ዶሜይን የሚባለው ሥርዓት ባለበት ቤት፣ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ዲኤንኤስ የዶሜይኑ ሰርቨር ብቻ መሆን አለበት። ስለ ውጪው ዓለም የሚመጣውን ጥያቄ ሰርቨሩ ራሱ ተቀብሎ ወደ ውጪ ያስተላልፋል። ብዙዎች «ለመጠባበቂያ» ብለው 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ በሁለተኛ መስመር ይጨምራሉ፤ ይህ የሚረዳ ይመስላል እንጂ ያጠፋል። የመጀመሪያው ለአፍታ ቢዘገይ ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውም «እንዲህ ያለ ስም የለም» ይለዋል፤ ኮምፒውተሩም ያንን እንደ ቁርጥ መልስ ይቀበለዋል።

ዶሜይን በሌለበት፣ እንደ አብዛኞቹ ትንንሽ ጽሕፈት ቤቶቻችን በሆነው ቤት ግን፣ በመጀመሪያ ለሰርቨሩ የማይለወጥ የቁጥር አድራሻ በራውተሩ ላይ እናስመዘግብለታለን። ራውተሩ የውስጥ ስሞችን የሚመዘግብ ዓይነት ከሆነ ስሙን እዚያው እናስገባለን፤ ካልሆነ በየኮምፒውተሩ «ሆስትስ» በሚባለው ትንሽ ፋይል ውስጥ ቁጥሩንና ስሙን በአንድ መስመር እንጽፋለን። ፋይሉ የሚገኘው በዊንዶውስ ፎልደር ሥር፣ በሲስተም 32፣ ከዚያ በድራይቨርስ፣ ከዚያ በኢቲሲ ውስጥ ነው፤ ለመለወጥም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ለ14 ኮምፒውተሮች ግማሽ ቀን ፈጀብን። የሰርቨሩ ቁጥር ወደፊት ቢለወጥ ግን 14ቱም መስመሮች ሐሰት ይሆናሉ። ስለዚህ ቁጥሩንና የተሠራውን ሥራ በወረቀት ጽፈን በሰርቨሩ ጎን ለጥፈነዋል።

የቀድሞው ሰርቨር

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ ፎልደሩ በስምንት ኮምፒውተሮች ላይ በቅጽበት መከፈት ጀመረ። በቀሩት ስድስቱ ላይ ግን ችግሩ አልተወገደም፤ እንዲያውም ገና «ይህ ኮምፒውተር» የሚለውን ምልክት ሲነኩት ነበር የሚደርቁት። እነዚህን ስንመረምር ከሁለት ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጣው ሰርቨር በስም አሁንም በመካከላቸው ይኖር ነበር። በዜድ ፊደል የተሰየመ፣ ቀይ ኤክስ ምልክት ያለበት የኔትወርክ ድራይቭ ሁሉም ላይ አለ። የማንም ዓይን ለምዶት ስለነበር የሚያየው አልነበረም። ዊንዶውስ ግን የፋይል መስኮቱን በከፈተ ቁጥር ያንን ድራይቭ እየጠራ መልስ ይጠብቃል።

በትእዛዝ መስኮቱ «ኔት ዩዝ» ብለን ስንጽፍ የተያያዙት ድራይቮች ሁሉ ከነሁኔታቸው ይዘረዘራሉ። የሞቱትን አንድ በአንድ እናለያያለን። በዚህ ግን አያበቃም፤ በፋይል መስኮቱ ግራ በኩል በፈጣን መዳረሻ የተሰኩ አሮጌ ፎልደሮች፣ በዴስክቶፕ ላይ የቀሩ አቋራጮች፣ በቅርብ የተከፈቱ ሰነዶች ዝርዝር ሁሉ የቀድሞውን ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ዘንድ 11 እንዲህ ያሉ አቋራጮች አገኘን። አዲስ ሰርቨር ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ አንዱንም ባላነሣው ነበር፤ ምናልባትም የሙታኑን ስም ወደ ሁለት ባሳደገው።

«ኔትወርክ» ስለሚለው ምልክት

ጥቂት ሠራተኞች ደግሞ ወደ ሰርቨሩ የሚሄዱት «ኔትወርክ» የሚለውን ምልክት ከፍተው፣ የኮምፒውተሮቹ ስም አንድ በአንድ እስኪታይ ጠብቀው ነው። ይህ መንገድ ድሮም ቢሆን አይታመንም ነበር። በቀድሞው አሠራር የስሞቹን ዝርዝር የሚይዘው ከኮምፒውተሮቹ መካከል በምርጫ የሚሾም አንዱ ሲሆን፣ ተሿሚው ሲጠፋ ሌላ እስኪመረጥ ዝርዝሩ የጎደለ ይሆናል። ይህ አሠራር የተመሠረተው ኤስኤምቢ 1 በሚባለው አሮጌ የፋይል መጋሪያ ደንብ ላይ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በወጡት የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ እንደ ነባሪ መጫኑን ትቶታል። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የተዛመተው በዚሁ ደንብ አፈጻጸም ላይ በነበረ ክፍተት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ሰርቨሩ በዝርዝሩ አይታየኝም» ለሚል ሠራተኛ፣ ኤስኤምቢ 1ን መልሶ ማብራት እንደ መፍትሔ ሲነገር ሰምተናል። እባካችሁ አታድርጉት። ይልቁንም ፎልደሩን በአድራሻው ከፍቶ እንደ ድራይቭ ማያያዝና ከዝርዝሩ ላይ መፈለግን መተው ይበቃል።

ኬብልና ዋይፋይ

ስለ ማጓጓዙ ብዙ የምንለው የለንም፤ በዚህ በኩል የተጎዳ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበር። በንብረት ክፍሉ ያው ትልቅ ፋይል በ8 ሰከንድ ፈንታ 46 ሰከንድ ፈጀ። የኔትወርክ ካርዱን ሁኔታ ስናይ ፍጥነቱ 1000 መሆን ሲገባው 100 ሜጋቢት ይላል። ኮምፒውተሩን አንሥተን ከስዊቹ አጠገብ በአጭር ኬብል ስናያይዘው 1000 ሆነ። ስለዚህ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። ኬብሉን ተከትለን ስንሄድ በብረት ቁም ሣጥን እግር ሥር ተጨፍልቆ አገኘነው። በኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ለ1000 ሜጋቢት ስምንቱም ያስፈልጋሉ፣ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉ። ከቀሩት አራቱ አንዷ ብትበጠስ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ አይቋረጥም፤ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳል እንጂ። አንድ የኬብል ዝርጋታ ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም ሕንፃ የምታስፋፉ ቅርንጫፎች አስታውሱ።

በዋይፋይ የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ ለየት ይላል። በዋይፋይ ላይ ትልቅ ፋይል በደኅና ፍጥነት እየመጣ፣ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች ያሉበት ፎልደር ግን ሊያስመርር ይችላል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ፋይል ሲነካ በኮምፒውተሩና በሰርቨሩ መካከል ጥቂት የጥያቄና መልስ ምልልስ አለ። ለ2000 ፋይሎች ለእያንዳንዱ አራት ምልልስ ብንገምት 8000 ይሆናል። አንዱ ምልልስ በኬብል 1 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ጠቅላላው 8 ሰከንድ ነው፤ በተጨናነቀ ዋይፋይ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ 160 ሰከንድ ይሆናል። ፒንግ የሚለው ትእዛዝ ይህን የምልልስ ጊዜ ስለሚያሳይ ቁጥሩን በራሳችሁ ጽሕፈት ቤት መመልከት ትችላላችሁ።

በዚህ ረገድ የእኛው ጥፋት የነበረው የፎቶግራፍ ፎልደሩ ነው። የመስክ ፎቶዎች ሁሉ ለዓመታት የተከማቹት በአንድ ፎልደር ውስጥ ሲሆን፣ ከ6000 በላይ ደርሰዋል። መስኮቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ፎቶ ትንሽ ምስል እንዲያሳይ ተደርጎ ተቀምጧል፤ ይህም በተከፈተ ቁጥር ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንደ መግለጥ ነው። በዓመተ ምሕረትና በሩብ ዓመት ከፋፈልናቸው፤ መስኮቱም ምስል ሳይሆን ዝርዝር እንዲያሳይ አደረግን። ክፍፍሉን ከማድረጋችን በፊት ለሁሉም አለማስታወቃችን ግን ስሕተት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሠራተኞች «ፎቶዎቹ ጠፉ» ብለው ደነገጡ።

አንቲቫይረስ ደግሞ በኔትወርክ የሚመጣውን ፋይል ሁሉ በሚመረምርበት ጊዜ ያዘገያል። ለፈተና ያህል ለጥቂት ደቂቃ አቁሞ ልዩነቱን ማየት ይቻላል፤ አጥፍቶ መተው ግን አይገባም።

አሁን ያለው ሁኔታ

የጋራ ፎልደሩ ኢንተርኔት በጠፋባቸው ቀናትም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይከፈታል። የሰርቨሩ ግዢ ጥያቄ ተመልሶ፣ በምትኩ ሁለት የውጪ መጠባበቂያ ዲስኮችና የአንድ ክፍል ኬብል ተጠየቀ። በየፍላሹ የነበሩትን ግልባጮች ማሰባሰብ ግን ከኮምፒውተሩ ሥራ ይልቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እያንዳንዱ ክፍል ሰነዶቹን ከጋራው ጋር እያስተያየ፣ የትኛው የመጨረሻ እንደሆነ በፊርማ እያረጋገጠ፣ ሥራው እስከ ሰኔ ዘልቋል። ከአምስቱ የበጀት ሠንጠረዦች ሁለቱ በጋራው ፎልደር ውስጥ የሌሉ ትክክለኛ እርማቶች ይዘው ተገኝተዋል።

በየቅርንጫፉ ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ወደ እኛ ስትጽፉ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ፣ ፎልደሩ ለመከፈት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ በቁጥር አድራሻ ሲከፈት ስንት እንደሆነ፣ በስንት ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚታይ፣ እንዲሁም በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ብትገልጹልን፣ ብዙውን በስልክ ለመርዳት እንችላለን። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በኅዳጉ ላይ እንዳደረጉት ቀኑን መመዝገብም ይረዳል።

የንብረት ክፍሉ ኮምፒውተር እስከ አሁን በ100 ሜጋቢት ነው የሚሠራው። አዲሱ ኬብል ተገዝቶ መጋዘን ገብቷል፤ የሚሳበው የኮሪደሩ ጣሪያ ለእድሳት ሲከፈት ነው። ለገቢና ወጪ መዝገቡ ይህ ፍጥነት ስለሚበቃ አላስቸኮልነውም። ቁም ሣጥኑን ግን አንሥተነዋል።